የወር አበባ የዘገየባት ሁሉ "ሲስት" የለባትም፤ የፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ምርመራ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ደብረ ታቦር፦ ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚመጡ መኪኖች ከሚሳፈሩት መካከል የመንገዳቸውን ጉዳይ ለጎረቤት ያልነገሩ ሴቶች አሉ። ትዳር ከያዙ ሁለትና ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። የወር አበባቸው ሲያሻው በሁለት ወር፣ ሲያሻው በአራት ወር ብቅ ይላል። ጠበሉ ተሞክሯል፤ ስለቱም ተስሏል። ለመንገድና ለምርመራ የሚሆነው ገንዘብ ከበግ ሽያጭ ወይም ከዘመድ ብድር የተገኘ ነው።

ከምርመራ በኋላ ብዙ ጊዜ ይዘው የሚመለሱት የአልትራሳውንድ ውጤት የሰፈረበትን አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በሁለቱም ኦቫሪዎች ላይ በርካታ ትናንሽ ከረጢቶች መታየታቸውን ይገልጻል። ቃሉ ከሐኪሙ ወደ ታካሚዋ፣ ከታካሚዋ ወደ ባሏ፣ ከባሏ ወደ አማቷ ሲሸጋገር ግን መልኩን ይለውጣል። "ከረጢት" የተባለው "ዕጢ" ይሆናል፤ ዕጢውም "መካን ናት" ወደሚል ፍርድ ይዞራል። በገጠሩ ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ ፍርድ ትዳር እስከ ማፍረስ፣ ጎጆና ማሳ እስከ ማካፈል ያደርሳል።

ወረቀቱ ሐሰት አልተናገረም፤ ያልተናገረው ነገር ግን ብዙ ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባለው የጤና ችግር በአንድ ምስል ብቻ አይታወቅም። ሐኪሞች ወደዚህ ስያሜ የሚደርሱት የሴቲቱን የወራት ታሪክ አዳምጠው፣ አካሏን ተመልክተው፣ ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ ሌሎች ሕመሞችን አንድ በአንድ ካስወገዱ በኋላ ነው። በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር ደግሞ እነዚያ ሌሎች ምክንያቶች ብዙና ከኑሮው ጋር የተቆራኙ በመሆናቸው፣ የማስወገዱ ሥራ ከምስሉ ይልቅ ክብደት አለው።

ችግሩ በዓለም ላይ እምብዛም ያልተለመደ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶች መካከል ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገምታል። ከእነዚህም ውስጥ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ችግሩ እንዳለባቸው ሳይታወቅ ይኖራሉ። በሕክምናው ዓለም ጎልቶ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ኢርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች የወር አበባቸው የተዛባና ኦቫሪያቸው የተለቀ ሰባት ሴቶችን ታሪክ ያሳተሙት በዚያ ዓመት ነበር። በዘመኑ አልትራሳውንድ ስላልነበረ የኦቫሪው መልክ የሚታየው በቀዶ ሕክምና ነበር። ስያሜው ከዚያ መልክ የተወሰደ በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ ሕዝቡን ያሳስታል።

በምስሉ ላይ የሚታዩት "ከረጢቶች" በእርግጥ ዕጢዎች አይደሉም። እያንዳንዳቸው እንቁላል የያዙ፣ ማደግ ጀምረው ከመንገድ የቆሙ ፍሬዎች ናቸው። በጤናማው ሂደት በየወሩ ከብዙዎቹ አንዱ ፍሬ ጎልቶ አድጎ ይፈነዳና እንቁላሉን ይለቅቃል። በዚህ ችግር ውስጥ ግን ብዙዎቹ በአንድነት ይጀምሩና አንዱም ሳይደርስ ይቀራል፤ በቅሎ ለምልሞ ዘለላ ሳይጥል እንደቆመ ማሽላ ማለት ነው። እንቁላል ካልወጣ የወር አበባው ቀኑን ይስታል።

ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው በሴቶች ሰውነት ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው የወንዴ ሆርሞን ከመጠን ማለፍ ነው። በብዙዎቹ ዘንድ ኢንሱሊንም እጁን ያስገባል። ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ሲደክም ቆሽት ይበልጥ ያመነጫል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪን የወንዴ ሆርሞን አብዝቶ እንዲሠራ ይገፋፋዋል። ችግሩ በቤተሰብ ውስጥ የመተላለፍ ጠባይ አለው። በእርግማን፣ በመተት ወይም ሴቲቱ በሠራችው ነገር የሚመጣ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2003 በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ከተማ የተሰበሰቡ ሐኪሞች ያወጡት መመዘኛ፣ በኋላም በ2018 እና በ2023 የታደሰው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሦስት ምልክቶችን ያስቀምጣል። አንደኛው የወር አበባ መዛባት ነው። ሁለተኛው በአካል ወይም በደም ምርመራ የሚታወቅ የወንዴ ሆርሞን መብዛት ሲሆን፣ ሦስተኛው በአልትራሳውንድ የሚታየው የኦቫሪ መልክ ነው። አዋቂ ሴት ችግሩ አለባት የሚባለው ከሦስቱ ሁለቱ ሲገኙባትና ሌሎች ምክንያቶች ሲወገዱ ነው። በዚህም መሠረት አልትራሳውንዱ ብቻውን ከሦስቱ አንዱን ቢያሟላ ነው።

ከሦስቱ ብዙ የሚናገረውና አንዲት ሳንቲም የማያስወጣው የመጀመሪያው ነው። ሐኪሙ "የወር አበባሽ በስንት ቀን ይመጣል?" ብሎ ሲጠይቅ "አንዳንዴ ይቆያል" የሚለው መልስ አይበቃውም። ቆጠራው የሚጀምረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ሲሆን የሚያበቃው ቀጣዩ ደም በሚታይበት የመጀመሪያ ቀን ነው። በአዋቂ ሴት ይህ ርዝመት ከ21 እስከ 35 ቀን ሲሆን ጤናማ ነው። ደጋግሞ ከ35 ቀን ካለፈ፣ ከ21 ካነሰ ወይም በዓመት ውስጥ ከስምንት ጊዜ በታች ከመጣ ተዛብቷል ይባላል። አንድ ወር መዘግየቱ ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ የአዝመራ ድካም፣ ሐዘን፣ ሕመምና ረጅም ጉዞ የማንኛዋንም ሴት ወር ሊያዘገዩ ይችላሉ።

ለዚህ ቆጠራ የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የተመቸ ነው። ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ በሚቀጥለው ወር በዚያው ቀን የመጣ የወር አበባ ልክ 30 ቀኑን ደፍኗል። ከዚያ ቀን ከአምስት ቀን በላይ ከዘገየ ከ35 አልፏል፤ ከዘጠኝ ቀን በላይ ከቀደመ ደግሞ ከ21 አንሷል። ጳጉሜን መካከል ሲገባ ብቻ አምስት ወይም ስድስት ቀን መደመር ያስፈልጋል።

ፊደል ያልቆጠረችው የጋይንት ወይም የስማዳ እናትም ብትሆን ወራቱን በበዓላት ታውቃቸዋለች። በወር አበባ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የማትገባ ምእመን የትኛው በዓል እንዳመለጣት አትረሳም። ደሟ በኅዳር ሚካኤል ጀምሮ ቀጣዩ በታኅሣሥ ኪዳነ ምሕረት ቢመጣ 34 ቀን ነው፤ ይህ ደኅና ነው። እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል ከቆየ 37 ቀን ሆኗል። እስከ ጥምቀት ከዘለቀ ደግሞ 59 ቀን ነው። በእስቴና በአካባቢው የምትኖር ሙስሊም ሴትም በረመዳን ያለፏትን ቀናት ለቀዳ ስለምትቆጥር ቢያንስ የአንዱን ወር ቀን በትክክል ታውቃለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይህን ቆጠራ ለስድስት ወር ያህል በደብተር ብትይዝላት፣ ሆስፒታል ውስጥ በአንድ ጉብኝት ሊገኝ የማይችል ማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛው ምልክት በዓይን የሚታይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን በእፍረት ይሸፈናል። በአገጭ፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ፣ በደረትና ከእምብርት በታች ጠንካራ ጥቁር ጸጉር መብቀሉ፣ በጉርምስና ዕድሜ የማያበቃ ከባድ ብጉር እና የራስ ጸጉር ከመሐል መሳሳት የወንዴ ሆርሞን መብዛትን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ሐኪሞች የጸጉሩን ብዛት በነጥብ ይለኩታል፤ መነሻ ነጥቡ ግን ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። የጸጉር ነገር ለአንዳንዷ ከመውለድ ጥያቄ በማይተናነስ ሁኔታ የሚያሳቅቃት በመሆኑ፣ ወደ ሐኪም ከመሄዷ በፊት ትላጨዋለች ወይም ትነቅለዋለች። ሐኪሙ ያልታየውን ካልጠየቀ፣ እሷም ካልነገረችው፣ ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ ከመዝገቡ ይጠፋል።

እዚህ ላይ በአስቸኳይ ሊለይ የሚገባው ነገር አለ። የሲንድረሙ ምልክቶች የሚመጡት በዝግታ፣ በዓመታት ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ድምጿ የጎረነነ፣ ጢም ያበቀለችና የራስ ጸጉሯ የሳሳ ሴት ካለች የኦቫሪ ወይም ከኩላሊት በላይ የሚገኘው ዕጢ እብጠት ሊኖርባት ስለሚችል ሳትዘገይ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ይኖርባታል።

በደም ምርመራ የወንዴ ሆርሞንን መለካት ይቻላል፤ ምርመራው ግን በጤና ጣቢያዎችና በአብዛኞቹ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች አይገኝም። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ውጤቷ ስለሚዛባ ከመለካቱ በፊት ለሦስት ወር ያህል ማቋረጥና ሌላ መከላከያ መጠቀም ያስፈልጋታል። መመሪያው ግን ለገጠር የሚበጅ አንድ መንገድ ይከፍታል። የወር አበባ መዛባትና የጸጉር ምልክት በአንድነት በግልጽ ከታዩ፣ ሌሎች ምክንያቶችም ከተወገዱ፣ ስያሜውን ለመስጠት የወንዴ ሆርሞን ልኬትም ሆነ አልትራሳውንድ የግድ አያስፈልግም። ይህ ማለት አንዲት ሴት ምስል ለመነሣት ብቻ በግ ሸጣ ከቆላ ስማዳ መምጣት የማይኖርባት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ስለ ሦስተኛው ምልክት በአጭሩ መናገር ይበቃል። ብዙ ትናንሽ ፍሬዎች የሚታዩበት ኦቫሪ ምንም ችግር በሌለባቸው ሴቶች፣ በተለይም በወጣቶች ላይ በብዛት ይገኛል። በሆድ በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ ፍሬዎቹን በትክክል መቁጠር አስቸጋሪ ስለሆነ የኦቫሪው መጠን መለካቱ ይመረጣል፤ ከአንዱ ወገን 10 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ምልክት ይቆጠራል። "ብዙ ሲስት ታይቷል" ብሎ መጠኑን ያልጻፈ ውጤት ግማሽ ውጤት ነው። ኤ.ኤም.ኤች የተባለ ሆርሞን በደም የሚለካበት ምርመራም በአዋቂ ሴቶች ላይ አልትራሳውንዱን ሊተካ እንደሚችል የ2023ቱ መመሪያ አስፍሯል፤ ዋጋውና መገኛው ግን ከከተማ ነዋሪዎች ዓቅም ጋር የሚስማማ እንጂ ለገጠሩ ገና ሩቅ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ የወር አበባ የሚቀርባቸው መንገዶች በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው እርግዝና ነው፤ "ሲስት አለብሽ" ተብላ መድኃኒት ስትጀምር እርጉዝ ሆና እንዳትገኝ በርካሹ የሽንት ምርመራ መጀመር ግዴታ ነው። ጡት ማጥባትም አለ። ሌላው በገጠሩ እጅግ የተለመደው የሦስት ወር መርፌ ነው። መርፌው በሚወሰድበት ጊዜ የወር አበባ መጥፋቱ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ካቋረጡትም በኋላ የመውለድ ዓቅም እስኪመለስ አንድ ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ይህ መካንነት አይደለም፤ ሲንድረምም አይደለም። ነገር ግን መርፌውን ከባሏ ደብቃ ስትወጋ የቆየች ሴት ባሏ ወይም አማቷ በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ እውነቱን አትናገርም። ሐኪም ሌላውን ሁሉ ከማዘዙ በፊት ሴቲቱን ለብቻዋ ማነጋገሩ ከምርመራው እንደ አንዱ መቆጠር አለበት።

ረሃብም የወር አበባን ያቆማል። የጋይንትና የስማዳ ቆላማ ቀበሌዎች፣ በተለይም ወደ በሸሎ ሸለቆ የሚወርዱት፣ ዝናብ በቀረ ቁጥር የሚቸገሩ፣ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም በዕርዳታው ጥላ ሥር የቆዩ ናቸው። ምግብ ሲያንስና ሥራ ሲበዛ አእምሮ ወደ ኦቫሪ የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ሰውነት እርግዝናን የማይሸከምበት ጊዜ መሆኑን ያውቃልና። ሰውን ከእንስሳ ጋር ማስተያየት ነውር ባይሆን፣ የጋይንት አርሶ አደር ይህን ነገር ከላሙ ያውቀዋል፤ ድርቅ ያከሳት ላም መኖ እስኪመለስላት ድረስ ኮርማ አትፈልግም። አርሶ አደሩ ለላሟ የሚሰጠውን ምክንያት ለሚስቱ ሲነፍጋት ማየት ግን የሚያሳዝን ነው።

ይህ ልዩነት በሕክምናው ላይም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ለፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ ክብደት መቀነስ ነው። ምክሩ ክብደቷ ለበዛ፣ ውሎዋ በመቀመጥ ለሆነ የከተማ ነዋሪ የተገባ ነው። ውኃ ከገደል ሥር ቀድታ የምትወጣ፣ የተከዘነ እህሏ ግንቦት ሳይገባ ለሚያልቅባት ከሲታ ሴት "ክብደት ቀንሺ፣ እንቅስቃሴ አድርጊ" ብሎ መላክ ግን ጉዳት ነው። ከሲታ ሴቶችም ሲንድረሙ ሊኖርባቸው መቻሉ እውነት ነው። የእነሱ ምርመራ ግን ረሃቡን ከሕመሙ የመለየት ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ኦቫሪያቸውም በምስል ሲታይ የሁለቱ መልክ ሊመሳሰል ይችላል።

እንቅርትም ሌላው ነው። በደጋማው የሀገራችን ክፍል ከአዮዲን እጥረት ጋር የተያያዘ እንቅርት የቆየ ችግር ሲሆን፣ መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ አውጥቷል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲደክም የወር አበባ ይዛባል፤ መድኃኒቱም ከሲንድረሙ መድኃኒት የተለየ ነው። ስለዚህ የታይሮይድ ምርመራ በዓለም አቀፉ መመሪያ ውስጥ ከማይታለፉት ይቆጠራል። ጡት ሳታጠባ ከጡቷ ወተት የሚወጣ ሴት ደግሞ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ሊለካላት ይገባል።

የቀሩት ሁለቱ በመጽሐፍ ውስጥ ብዙ የማይነበቡ፣ በገጠር ግን ሊታለፉ የማይገባቸው ናቸው። ቤት ውስጥ ወልዳ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ በአእምሮ ሥር ያለችው ሆርሞን አዛዥ ዕጢ በደም እጦት ልትጎዳ ትችላለች። ከወሊዱ በኋላ ወተት ያልመጣላት፣ የወር አበባዋም ጨርሶ ያልተመለሰ፣ ድካምና ብርድ የሚያሰቃያት ሴት ይህ ሊኖርባት ይችላልና የወሊድ ታሪኳ መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው የማህፀን ቲቢ ነው። ቲቢ ማህፀንን ከውስጥ አጠውልጎ የወር አበባን ሊያጠፋ፣ የእንቁላል መተላለፊያ ቱቦዎችንም ሊዘጋ ይችላል። ለዚህች ሴት እንቁላል የሚያስወጣ መድኃኒት መስጠት ጊዜ ማባከን ነው።

የዕድሜም ጉዳይ አለ። የወር አበባ ከጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ቀኑን መሳቱ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስም እስከ 45 ቀን የሚደርስ ርዝመት እንደ ጤናማ ይቆጠራል። መመሪያው ወር አበባ ካየች ስምንት ዓመት ባልሞላት ልጅ ላይ የአልትራሳውንድ መልክ ለዚህ ስያሜ እንዳያገለግል ያሳስባል፤ በዚያ ዕድሜ የጤናማዋም ኦቫሪ እንዲሁ ይመስላልና። ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም ከዚያ በፊት የሚዳሩ ልጆች በአካባቢው አሁንም አሉ። በ15 ዓመቷ ተድራ በ17 ዓመቷ "አልወለደችም" ተብላ አልትራሳውንድ የተነሣች ልጅ፣ ብዙ ከረጢት ታየባት ተብሎ የሕይወት ዘመን ስያሜ ቢለጠፍባት ስሕተቱ እጥፍ ነው። ያልደረሰው ዕድሜዋ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚታለፈው ምርመራ ግን የሴት አይደለም። ልጅ ባጡ ጥንዶች ዘንድ ግማሽ በሚጠጋው ጊዜ የወንዱ ድርሻ አለበት። የዘር ፈሳሽ ምርመራ በዋጋም በድካምም ሴቲቱ ከምታልፍባቸው ምርመራዎች የቀለለ ነው። ሆኖም ባል "እኔ ጤነኛ ነኝ" ብሎ በቤቱ ሲቀመጥ ሚስት ከወገዳ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ትመላለሳለች። ሲንድረሙ ያለባት ሴት መድኃኒት ጀምራ እንቁላል መልቀቅ ብትጀምር እንኳ የባሏ ችግር ካልታወቀ ድካሙ ከንቱ ነው።

ምርመራው የት ይገኛል የሚለው ጥያቄ የመንገድንም የሰላምንም ነገር ያነሣል። በሀገሪቱ የጤና ሥርዓት አንድ ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ፣ አንድ ጤና ጣቢያ በገጠር ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። የወር ቆጠራ፣ የእርግዝና ምርመራ፣ የክብደት፣ የቁመትና የደም ግፊት ልኬት ከታችኛው እርከን ሊያልፍ አይገባም። አልትራሳውንድና መሠረታዊ የደም ምርመራ በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ ሆስፒታሎች ደረጃ የሚጠበቅ ነው። የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት የሚያስፈልጋት ወደ ደብረ ታቦር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ከዚያም ባለፈ ወደ ባሕር ዳሮቹ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ትላካለች። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ተቋም ደረጃ የሥነ ተዋልዶና የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል፤ የዚህ ሲንድረም ታካሚዎች አብዛኞቹ ግን እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ይህ ሰንሰለት በወረቀት ላይ የተሟላ ነው። በተግባር ግን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰበት ወቅት የከተማዋ ሆስፒታል ለዝርፊያና ለጉዳት ተዳርጎ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው የጸጥታ ችግር ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቀጠሮ እንዲያልፍ ምክንያት ሆኗል። ቀጠሮ በቀላሉ ሊደገም በማይችልበት አካባቢ አንዲት ሴት ወደ ደብረ ታቦር የምትሄድበት አንድ ቀን ያለ ዝግጅት እንዳያልፍባት ማድረግ የታችኛው ጤና ተቋም ኃላፊነት ነው።

ስያሜው በትክክል ከተሰጠ የሚከተለው ነገር ተስፋ አስቆራጭ አይደለም። ሌትሮዞል የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት እንቁላል እንዲወጣ ለማድረግ በመመሪያው ቀዳሚ ምርጫ ነው፤ ብዙዎችም በዚህ ይወልዳሉ። አንዳንዶች ያለ መድኃኒትም ይወልዳሉ፤ ሲንድረሙ እንቁላል ያዘገያል እንጂ ማህፀንን አይዘጋም። ሜትፎርሚን የኢንሱሊኑን ችግር ላለባቸው ይታዘዛል። መውለድ የማትፈልግ ሴትም ብትሆን ጉዳዩን መተው የለባትም። የወር አበባ ሳይመጣ ከሦስት ወር በላይ ደጋግሞ ከቆየ የማህፀን ውስጠኛ ልባስ እየወፈረ ሄዶ በዓመታት ውስጥ ወደ ካንሰር ሊያመራ ስለሚችል ደሙን የሚያመጣ መድኃኒት ሊሰጣት ይገባል። ለስኳር ሕመም ያላትም ተጋላጭነት ከሌሎች ስለሚበልጥ በደሟ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን፣ የደም ግፊቷም መለካት አለበት። እርጉዝ ስትሆን ይህን ለአዋላጇ መንገር አይዘነጋም።

ለዚህ ምርመራ ወደ ሆስፒታል የምትሄድ ሴት ይዛ ብትቀርብ የሚጠቅማት ጥቂት ነገር ነው። የወር አበባዋ የጀመረባቸው ቀናት፣ ቢቻል የስድስት ወር፤ የመርፌ ወይም የእንክብል ካርዷ፣ መጨረሻ የተወጋችበት ቀን ጭምር፤ ቀደም ሲል የተነሣችው አልትራሳውንድ ወረቀት፤ በቤተሰቧ ውስጥ የስኳር ሕመምና ተመሳሳይ የወር አበባ ችግር ያለባቸው ካሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆነች ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ማስያዝ አለባት፤ በቀጥታ ወደ ከፍተኛው ሆስፒታል መሄድ የመድኅኑን ጥቅም ያሳጣል ወይም ይቀንሳል። ውጤቱ ሲሰጣት ደግሞ "ከሦስቱ ምልክቶች የትኞቹ ሁለቱ ተገኙብኝ? ታይሮይዴስ ታየ?" ብላ መጠየቅ መብቷ ነው። በመኪናው ላይ አጠገቧ ባሏ ቢቀመጥ ደግሞ የእሱም ምርመራ በዚያው ቀን ያልቃል።